አምባ ጊዮርጊስ ዝም ያለ ዕለት

አባይነሽ ባሏ ሞቶባት ቢሆን ኖሮ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ፈቷትም ቢሆን እንደ ሰው ረግማው፣ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ታገባ ነበር፤ መልኳ እንደሆነ ገና ሸጋ ነው። የሷ ግን ጉደኛ ነገር ነው። ባሏ አለ። ጤነኛ ነው፣ ይወዳታል፣ ወገራ ሙሉ ስሙን በክብር ይጠራዋል። ብቻ ቤቱ የለም። አገሬው የሕዝብ እንደራሴ አድርጎ መርጦት አዲስ አበባ ምክር ቤት ተቀምጧል።

እንግዲህ ምክር ቤት ማለት በጥቅምት ተከፍቶ ሰኔ ሲያልቅ የሚዘጋ ቤት ነው። ይህን የወሰነው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሚስት የነበረችው አይመስለኝም። ገብሱ ሳይታጨድ ቢያዝን ይሄዳል። ለገና የለም፣ ለጥምቀት የለም። ፋሲካ ሌሊት ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ ሲፈስክ አባይነሽ ከግድግዳ ጋር ትፈስካለች፤ አንዲት ልጃቸውም ዳባት ተድራ ሄዳለች። ሐምሌ ላይ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲውጥ፣ ጉሙ አምባ ጊዮርጊስን ጠቅልሎ ሲተኛባት፣ ያን ጊዜ ይመጣል። መጣልኝ ስትል ደግሞ ባለጉዳይ ቤቱን ይሞላዋል። “አያ ቢያዝን፣ ድንበሬን ገፉኝ፤” “አያ ቢያዝን፣ ልጄን አሰሩብኝ፤” እያለ የመጣው ሁሉ እሳቱን ከቦ ያመሻል። ባለጉዳዩ ጋብ ሲልላት ፍልሰታ ትገባለች። በፍልሰታ ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ፤ በወገራ ይህን የሚያፈርስ ሰው የለም፣ ቢኖርም አይናገርም። ጾሙ ተፈታ ስትል ዘመን መለወጫ፣ መስቀል፣ ስንቅ መቋጠር፣ “በይ ደህና ሁኚ።” ዓመት ሙሉ ጠብቃ የምታገኘው ባል እፍኝ አይሞላም።

“የሚያቆየኝ ኮሚቴው ነው” ይላታል ስትጠይቀው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ምክር ቤቱ ሁሉን ጉዳይ ባንድ ላይ ሆኖ አይመክረውም። ጥቂት ጥቂት ሰው እየተከፈለ አንዳንድ የሕግ ረቂቅ ይይዛል፣ ያገላብጠዋል፣ ይጨቃጨቅበታል፣ ከዚያ ወይ ለምክር ቤቱ ያወጣዋል ወይ እዚያው ይቀብረዋል። እነዚያ ጥቂቶች ናቸው ኮሚቴ የሚባሉት። ጎረቤቷ ወለተ ሚካኤል ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

“ውይ ጉዴ! እኔ እኮ ኮሚቴ ኮሚቴ ስትዪ ሴት መስላኝ፣ ጣውንት መጣችባት ብዬ ሳዝንልሽ ከረምሁ!”

“ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር” አለች አባይነሽ። “ሄጄ ፀጉሯን ይዤ እጥላት ነበር።”

ሳቁት። አባይነሽ ግን ቤቷ ስትገባ አልሳቀችም። ቢያዝን የዋዛ ባል አይደለማ። ገና ልጅ ሳለች ሽማግሌ የላከባት ዕለት አባቷ ሽማግሌዎቹን አበላ፣ አጠጣ፤ ለጠየቁት ግን አንዲት ቃል አልመለሰላቸውም። ወጉ ነው። ሰው ደጅህ መጥቶ ትልቅ ነገር ሲጠይቅህ በዚያው ቀን አይመለስለትም። ቶሎ እሺ ካልኸው ነገሩን ንቀኸዋል፣ ቶሎ እምቢ ካልኸው ሰውየውን ንቀኸዋል። ስለዚህ እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል፤ መልሱን ጧት ይሰማል። አባይነሽ ጓዳ ሆና ያን ዝምታ ስትሰማ፣ ልጅነት ነውና፣ አባቷ የከለከላት መስሏት ስታለቅስ አደረች። “ልጄን ሰጥቻለሁ” የተባለው ሲነጋ ነው። ቢያዝን ይህን ከማን እንደሰማው እንጃ፣ እስከ ዛሬ “ለኔ ብለሽ ያለቀስሽ ዕለት” እያለ ያነሳባታል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይናፍቅ?

የቢያዝን ኮሚቴ የያዘው ረቂቅ ስለ መሬት ነበር። መሬቱ በገመድ ተለክቶ፣ አሁን በሚያርሰው ሰው ስም ብቻ ይመዝገብ የሚል። ላይ ላዩን ሲያዩት ሸጋ ይመስላል። የወገራ መሬት ግን የአንድ ሰው አይደለችም፤ የአያት የቅድመ አያት ልጆች ሁሉ ርስት ናት። ኑሮ ገፍቶት ቆላ የወረደ ሰው ሲመለስ “እኔም የእገሌ ዘር ነኝ” ብሎ ድርሻውን ያነሳል። ረቂቁ ቢያልፍ ግን የራቀ ሰው እንደሞተ ተቆጠረ ማለት ነው። ቢያዝን ታዲያ “ሕዝቡ ሳይጠየቅ አይሆንም” ብሎ ኮሚቴው መሐል እንደ ግንድ ተጋደመ። ሌላው ሲሰለች እሱ አልሰለቸም። ባለፈው መስከረም ሲሰናበታት ግን ፊቱ ደክሞ ነበር።

“ይህ ረቂቅ ከኮሚቴ በወጣ ዕለት እኔም እወጣለሁ፣ አባይ” አላት። “የሥራ ዘመኔም ዘንድሮ ያልቃል። ሁለተኛ ተመረጥ ቢሉኝ አልመረጥም። በሬዬን ጠምጄ እውላለሁ፣ ገናንም ካንቺ ጋር ነው።”

ከዚያ ወዲያ የአባይነሽ ነፍስ ያቺ ረቂቅ ላይ ተንጠለጠለች። ጎንደር አራዳ ሱቅ ያለው ሷሊሕ በየገበያው ጨርቅና ጨው ጭኖ አምባ ጊዮርጊስ ይመጣል፤ ሱቁ ውስጥ ራዲዮ አለው። እሷም ጨው ኖሯት ጨው ልትገዛ ትሄዳለች።

“ሷሊሕ፣ ራዲዮኑ ምን አለ?”

“የዓለሙን ወሬ ሁሉ አወራ፣ ያንቺን ረቂቅ ግን ትንፍሽ አላለም። ገና ኮሚቴ ላይ ነው መሰለኝ።”

“ምነው እንዲህ ዋለ?”

“አላህ ያውጣልሽ እንጂ እኔ ምን እላለሁ” ይልና ጨውን ሲሰፍር እጁን ሞላ አድርጎ ይሰፍርላታል። ቤቷ ጨው በጨው ሆነ።

ፋሲካ አለፈ። በግንቦት መባቻ ገበያ ዕለት ሷሊሕ ከበቅሎው ሳይወርድ ከሩቅ ጮኸ።

“የምሥራች!”

“ምሥር ብላ!” አለች አባይነሽ።

“ኮሚቴው እዚህ ይመጣል። ባልሽም አብሮ። ሕዝቡን ጠይቀው ያንን ነገር ሊቆርጡት ነው አሉ፤ አራዳ ወሬው ሁሉ እሱ ነው።”

አባይነሽ ምን እንደመለሰችለት አታውቅም። ጨው መግዛቱንም ረሳችው።

ሳምንቱን አገሬው ስለ ሌላ አላወራም። በየማሳው፣ በየደጀ ሰላሙ ስለ ገመዱ ሲመክር ሰነበተ፤ እሺ የሚል ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ ዳስ ተጣለ፣ በግ ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ። የእንደራሴው ሚስት የእንግዳው ሁሉ እመቤት ናትና አባይነሽ ወገቧን አሥራ ዋለች። በመጨረሻው ቀን ሹሩባ ስትሠራ ወለተ ሚካኤል ደረሰችባት።

“ይህ ሹሩባ ለኮሚቴው ነው?”

“ሂጂ ከዚህ፣ ባለጌ!” አለች። ጉንጯ ግን ቀላ።

ከጎንደር የተነሱት ማኪናዎች ረፋዱ ላይ ደረሱ። ሰብሳቢው አቶ ወልደኢየሱስ የሚባሉ፣ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ የደቡብ አገር ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ ቸኳይ ነበሩ እንጂ። አባይነሽ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ፣ ፎጣ በትከሻዋ ጥላ፣ አቧራቸውን እንዲያራግፉ በተራ በተራ እጃቸውን አስታጠበች። ቢያዝን ከሁሉ ኋላ መጣ። በሰው ፊት ምን ይላታል? ምንስ ትለዋለች? ውሃውን አንቆረቆረችለት። እጁ ለስልሷል፤ የሞፈሩ ሻካራ ጠፍቷል። ቀና ስትል ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አየች። አልነገረኝም እኮ፣ አለች በልቧ፤ ሰው ሽበት ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያይለት ሚስቱ አይደለችም ወይ?

“ዛሬ ያልቃል፣ አባይ” አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያህል። “ጠይቀው፣ ጽፈው ይመለሳሉ። ሰኔ ሲዘጋ መጣሁ ማለት ለሁልጊዜ ነው።”

“ቃልህ ነው?”

“ቃሌ ነው።”

ውሃው እጁን አልፎ እጅጌውን ሲያርሰው ሁለቱም አላዩትም።

ሰብሳቢው ዳሱ ውስጥ እንደተቀመጡ “ጀንበር ሳትጠልቅ ጎንደር መግባት አለብን። መጀመሪያ ሥራው፣ ምሳው ኋላ” አሉ። አገሬው እርስ በርሱ ተያየ። እህል ያልቀመሰ እንግዳ ነገር ሲያነሳ አይቶ አያውቅማ። ግን እንግዳ ነው፣ ምን ይባላል? ረቂቁ ተነበበ። አቶ ወልደኢየሱስም መነጽራቸውን አውልቀው “እንግዲህ ሕዝብ ሆይ፣ ይህን የሚቃወም ሰው ካለ ተነስቶ ይናገር” አሉ።

አምባ ጊዮርጊስ ዝም አለ።

አያ ዳኛው የተባሉት፣ ባገሩ መጀመሪያ አፋቸውን የሚከፍቱት ሽማግሌ፣ አገጫቸውን ዘንጋቸው ላይ አስደግፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ሁሉ እንደሳቸው መሬት መሬቱን ያያል። ነፋሱ የዳሱን ቅጠል ሲያንኮሻኩሸው ብቻ ይሰማል። ሰብሳቢው ደግመው ጠየቁ። አሁንም ዝም።

“እንዲህ ያለ አስተዋይ ሕዝብ ገጥሞኝ አያውቅም!” አሉ አቶ ወልደኢየሱስ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። ወደ ጸሐፊው ዘወር ብለው “ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍ። ሕዝቡ ተጠይቆ የተቃወመ አልተገኘም፤ ሁሉም ተስማምቷል” አሉት።

አባይነሽ ከዳሱ ኋላ በቅጠሉ ስንጥቅ ታያለች። ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። ለኮሚቴው ዝምታ እሺ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ እንዲያ ነው፣ ቢያዝን ራሱ አጫውቷታል፤ ያልተናገረ እንደተስማማ ይቆጠራል። ለአምባ ጊዮርጊስ ግን ዝምታ “ብሉ፣ ጠጡ፣ እደሩ፣ ጧት እንነግራችኋለን” ማለት ነው። ጧት የሚነግሩት ደግሞ እምቢታቸውን ነው። ጧት ግን ኮሚቴው የለም፣ ወረቀቱም ተዘግቷል። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው እሷና ቢያዝን ብቻ ናቸው።

ቢያዝን ከሰብሳቢው ጎን ተቀምጧል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አየችው። ወዲያው ዓይኑ እሷ ወደቆመችበት ወደ ዳሱ ጥግ ሄደ። አፉን መልሶ ዘጋው።

ለኔ ብሎ ነው።

ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት። ገናን አሰበችው፣ ጥምቀትን፣ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የሚያስላትን ሳል። “ዝም በል፣ ጌታዬ፣ ዝም በል። ትንሽ ነው የቀረው” አለች በልቧ። ጊዮርጊስን ሳይቀር ለመነችው፣ በዚያ ነገር ታቦት መለመን ነውር መሆኑን እያወቀች።

የጸሐፊው ብዕር ይጫጫራል። አባይነሽ እንደገና ባሏን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። ግንባሩን በእጁ ከልሎ ከአያ ዳኛው ዓይን ይሸሻል። ቢያዝን ከሰው ዓይን ሸሽቶ አያውቅም ነበር። ያ በወጣትነቱ፣ አባቷ ደጅ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይሰብር የጠበቀው ሰውዬ አይደለም ይህ። ቤቱ ሲገባ ታያት። በሐምሌ እሳቱን የሚከብ ባለጉዳይ የለም። “አያ ቢያዝን” ብሎ በር የሚመታ የለም። በየገናው፣ በየፋሲካው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ልክ እንደዚህ መሬት መሬቱን ያያል።

ይህን ሰውዬ አላውቀውም፣ አለች። እግሯ ቀድሟት ሄደ።

“አንቺ! ወዴት ነው?” አለች ወለተ ሚካኤል ቀሚሷን እየጎተተች። አባይነሽ ግን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ዳሱ መሐል ገብታለች።

“ምነው ጌቶቼ” አለች። “እህል ውሃ ሳትቀምሱ መልስ ጻፋችሁ?”

“ምሳው ይደርሳል፣ እመቤት” አሉ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው።

“የምሳውን አይደለም የምለው። ያገሬ ሰው ገና አልመለሰላችሁም። ዝም ያለ አክብሯችሁ ነው። በኛ አገር ትልቅ ነገር የጠየቀ ሰው ይበላል፣ ያድራል፣ ጧት ነው የሚመለስለት። እኔን ለባሌ የጠየቁ ሽማግሌዎችም አባቴ በመጀመሪያው ቀን ዝም ነው ያላቸው። ዝም አለ፣ ሰጠ ብለው እጄን ይዘው ቢወጡ ኖሮ በጎራዴ ነበር የሚከተላቸው!”

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አያ ዳኛው እንኳ አገጫቸውን ከዘንጋቸው አነሱ። ሰብሳቢው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና “እሱስ ባልሽ ዕድለኛ ነው! ማነው ባልሽ?” አሉ።

“ያውልዎ። አጠገብዎ የተቀመጠው።”

ሳቁ ቀዘቀዘ። አቶ ወልደኢየሱስ ቀስ ብለው ዞሩ።

“የተከበሩ አቶ ቢያዝን፣ ያለችው እውነት ነው?”

ቢያዝን ሚስቱን አያት። አባይነሽ ማንቆርቆሪያውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ዓይኗን አልሰበረችም። ውስጧ ግን፣ አንዴ “ውሸቷን ነው” በለኝና ልሙት፣ ይል ነበር።

“እውነት ነው” አለ ቢያዝን ተነስቶ። “ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።”

አቶ ወልደኢየሱስ ማኪናውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ የበጉ ወጥ ሽታም ሳይደርሳቸው አልቀረም። “እንግዲያው እናድራለን” አሉ። “አንተ፣ የጻፍኸውን ሰርዝ።”

ያን ሌሊት ቢያዝን ያደረ ከእንግዶቹ ጋር ነው፤ እንግዳ ያለበት አባወራ እንግዳውን ትቶ ከሚስቱ ጋር አያድርም። አባይነሽ ሳሉን በግድግዳ ሰማችው።

ሲነጋ አያ ዳኛው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው “ደህና አደራችሁ፣ ልጆቼ? ብርዱ አልጎዳችሁም? እንግዲህ ስሙን” አሉ። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው። የወጣ ልጃችን አልሞተም፤ ራቀ እንጂ። ደጁን በገመድ አንዘጋበትም። እምቢ ብለናል።”

“እምቢ ብለናል!” አለ ሕዝቡ።

ተጻፈ። ረቂቁ ለተጨማሪ ጥናት እዚያው ኮሚቴው ላይ ይቆይ ተባለ። አባይነሽ የፈራችውን ደግሞ አያ ዳኛው ራሳቸው ተናገሩት። “ይህ እሾህ ከእግራችን እስኪነቀል ቢያዝንን አንለቀውም። በዘንድሮው ምርጫም እሱኑ ነው የምንሰድ።” “ይሁን! ይሁን!” ተባለ። አባይነሽ ገለባው ላይ ቁጭ አለች።

ዕቃው ሲጫን ቢያዝን እሷ ወዳለችበት ጓሮ መጣ። ከመጣ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ ያኔ ገና መጀመሪያቸው ነበር።

“ምነው አባይ” አለ። “ትንሽ ብትታገሺ ቤቴ ገብቼ ነበር እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“እያወቅሽ?”

“እያወቅሁ። አያ ቢያዝን፣ እኔ የናፈቅሁ አንተን ነው። ትናንት እዚያ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ሰውዬ አይደለም። እሱ ቢመጣልኝ አጠገቤ አስቀምጬው አንተን ስናፍቅ ልሞት ነው።” ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ እንባዋ ወረደ። “ደግሞ ጎበዝ እንዳልመስልህ። ናፍቆቱ ገደለኝ። ከግድግዳ ጋር መፈሰክ ሰለቸኝ። ሽበትህን እንኳ ከሰው እኩል አየሁት።”

ቢያዝን በመዳፉ ፊቷን ጠረገላት። የሱም ዓይን አልደረቀም ነበር።

“አገሩ የጠየቀኝን ሰምተሻል” አለ። “እኔ ደግሞ አንቺን ልጠይቅሽ። ቅር ካልሽኝ፣ ማልሁልሽ፣ እቀራለሁ፤ አያ ዳኛው የወደዱትን ይበሉ። እንደገና ልሂድ ወይስ ልቅር?”

አባይነሽ ዝም አለች። ከሜዳው የማኪናው ጥሩምባ ተነፋ።

“አባይ፣ እየጠበቁኝ ነው። ዝም አልሽኝ እኮ።”

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ቀና ብላ አየችው።

“የወገራ ሰው አይደለህም እንዴ? ትልቅ ነገር ጠይቀኸኛል” አለች። “በል እንግዲህ ብላ፣ ጠጣ፣ እደር። ጧት እመልስልሃለሁ።”

ቢያዝን ፈዞ ቆመ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ። ወደ ማኪናው ሄዶ ለሰብሳቢው አንድ ነገር ሲላቸው አቶ ወልደኢየሱስ ወደ ጓሮው አሻግረው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማኪናዎቹ አቧራቸውን አስነስተው ወደ ጎንደር ቁልቁል ሄዱ። ቢያዝን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሜዳውን አቋርጦ ተመለሰ።

“ውይ አንቺ!” አለች ወለተ ሚካኤል ከአጥሩ ማዶ። “ደግሞ እኮ ፍልሰታ አይደለም፣ በዓለ ኀምሳ ነው!”

አባይነሽ ሳቋ አመለጣት። ጧት የጎንደር አውቶቡስ በዚያ እንደሚያልፍ፣ እሷም ምን ብላ እንደምትመልስለት ሁለቱም ያውቁ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ማንም አላነሳውም።